ረምላ የዳነችበት ሳምንት

ረምላ ይማም የዳነችው በ2074 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መዳኗን የሰማችው ከጣሪያው ነበር። ትራስ ተደግፋ፣ ባሏ ፉአድ ያቀረበላትን አጥሚት በማንኪያ ታማስል ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ረምላ» አለ ከጣሪያው የሚመጣው የሴት ድምፅ። «ዘጠና ቀን በተከታታይ ደህና መሆንዎን ገልጸዋል። የሕክምና ክትትልዎ ተጠናቋል። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ማበረታቻ መርሐ ግብር ተዛውረዋል።»

በግራ እጇ ላይ የነበረው አምባር ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ለአሥራ አራት ዓመት ቢጫ ሆኖ የኖረ አምባር ነው። ረምላ አምባሩን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ቀና ብላ «አላህ ይስጥልኝ፤ አንቺም ደህና ዋይ» ብላ ድምፁን አሰናበተች።

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ አምባር የማያስር ሰው አልነበረም። ጤና ጣቢያው «የክትትል አምባር» ይለዋል። ሕዝቡ ግን «አማት» ነበር የሚለው፤ ምን እንደበላህ፣ መቼ እንደተኛህ፣ ስንቴ ከአልጋ እንደወረድክ አይታ ዝም የማትል እሷ ናትና። ቢጫ ያሰረ ሕመምተኛ ነው፤ ሊፍት ይከፈትለታል፣ አውቶቡስ ሲገባ ወንበር ይዘረጋለታል። አረንጓዴ ያሰረ ጤነኛ ነው፤ ለጤነኛ ሰው ደረጃ መውጣትና መቆም እንደሚበጀው ስለታመነ ሊፍቱም አይከፈትለት፣ ወንበሩም አይዘረጋለት። እነ ረምላ የሚኖሩት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እስከ ምድር ቤት ዘጠና ሁለት ደረጃ አለው። ፉአድ ቆጥሮታል።

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። እስከ መስከረም ድረስ ረምላን የምትከታተላት ሲስተር ሱመያ የምትባል ነርስ ነበረች። ሲስተር ሱመያ በየረቡዕ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና «እንዴት ነሽ?» ትላለች። ረምላም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ሲስተር ሱመያ ግን መልሱን አትጽፈውም። ማበጠሪያው ካለፈው ሳምንት ቦታው መነሳት አለመነሳቱን ታያለች፣ መጋረጃው ለምን እንደተዘጋ ታያለች፣ ያየችውን ትጽፋለች። በጥቅምት ወር እሷን ወደ ሌላ ሥራ አዛወሯትና በቦታዋ ከጣሪያው የሚናገረው ድምፅ ተተካ።

ጣሪያው የሚጽፈው የተባለውን ነበር። በየጠዋቱ በአዲስ አበባ አነጋገር «እንደምን አደሩ? ዛሬ እንዴት ነዎት?» ይላል። ረምላ ደግሞ የሰላምታ ምላሽ ከማን እንደተማረች የማታስታውስ፣ ከእናቷ ወተት ጋር የጠጣችው ሴት ናት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፤ አንቺስ ደህና ነሽ? ልጆችሽስ?» ብላ ትመልሳለች። ድምፁ መጀመሪያ ዝም ይል ነበር። በሳምንቱ «እኔም ደህና ነኝ፤ ልጆች የሉኝም» ማለት ጀመረ። ረምላ ከልቧ አዘነችለትና ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሳትመርቀው አታሰናብተውም፤ «አላህ የአብራክሽን ክፋይ ይስጥሽ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ» ትለዋለች። በወሩ ድምፁ «አሚን» ማለት ተማረ። ፉአድ ይህን ሲሰማ ይስቅ ነበር። በዘጠናኛው ቀን ግን ሳቁ አለቀ።

ነገሩ የሊፍት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ረምላን ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ትኩሳት አመማት፤ ትኩሳቱ በሳምንቱ ሄደ፣ ድካሙ ቀረ። እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም ነው። አንዱ ሐኪም ደምሽ ቀጥኗል አላት፣ አንዱ ሥራ ፈትነት ነው አላት፣ ሦስተኛው ራስሽን አበርቺ ብሎ በየቀኑ እርምጃዋን እየጨመረች እንድትሄድ አዘዘላት። ታዛዥ ናትና ጨመረች። በሦስተኛው ሳምንት ወድቃ አራት ወር ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኛች፤ የማንኪያና የሳህን ድምፅ እንኳ እንደ መዶሻ ይመታት ነበር። ማበረታቻ መርሐ ግብር የሚሉት ያንኑ እርምጃ መጨመር ነው።

ሕመሙ ቀድሞ የገባው ፉአድ ነው፤ ለዚህም ያበቃው ሥራው ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት ባቡር ፍሬን ሲጠግን ኖሯል። ወደ አዋሽ ቁልቁል የሚወርድ ጭነት ፍሬኑ የሚያዘው መቆሚያው ጋ ሲደረስ ሳይሆን ገና ከሩቁ ነው፤ የያዝከው ፍሬን ቆይቶ ነው የሚነክሰው። የረምላም ሰውነት እንዲሁ ነበር። ዛሬ የሠራችው ዛሬ አይጥላትም፣ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይጥላታል። እሱ ከሩቁ እየያዘላት፣ እሷ በልኳ እየተንቀሳቀሰች፣ ደህና ኑሮ ኖረው ነበር።

ሰኞውኑ ወደ ጤና ጣቢያው ወረደ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ትሑት ነበር። ፋይሉ የሚከፈተው በቃል አቤቱታ ብቻ ነው አለው፤ ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓት ባለጉዳይዋ ራሷ፣ በገዛ ድምፅዋ፣ እንዴት እንደሆነች ትናገር። ቤተሰብ አንዲት ቃል ከተነፈሰ አቤቱታው ለስድስት ወር ይታገዳል። ጎረቤት ቢኖርስ ብሎ ፉአድ ጠየቀ። ስለ ጎረቤት የተጻፈ ነገር የለም አለው ወጣቱ። ምን ብትል ይበቃል ሲለውም «ደህና አይደለሁም» ካለች በቂ ነው አለው።

ፉአድ ነገሩ ቀሎት፣ ዘጠና ሁለቱን ደረጃ እያፏጨ ወጣ። ቤት ገብቶ ሲነግራት ረምላ ሰማችውና አጥሚቱን አስቀመጠች።

«አልልም» አለች።

«ለምን?»

«አሥራ አራት ዓመት አልሐምዱሊላህ ብዬ የኖርኩትን ሐሙስ ላፍርሰው? ጌታዬን ለጣሪያ አላማም።»

«ምኑ ነው ሐሜት? እውነት አይደል እንዴ!»

«ሐሜት ማለትማ እውነቱን መናገር ነው። እውነት ያልሆነው ውሸት ነው የሚባለው።»

ፉአድ ድሮም ከረምላ ጋር ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅም።

ማክሰኞ ዕለት ከፊት ለፊት ቤት እትዬ ኖላዊትን ጠራት። እትዬ ኖላዊት ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ሃምሳ ኪሎ ጤፍ ተሸክማ ብትሄድ ትንፋሿ አይሰማም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቢጫ አምባር አስራለች። ጠዋት ጣሪያው «እንዴት ነዎት?» ሲላት ግማሽ ሰዓት ትወስድበታለች። ወገቧ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል፣ ጉልበቷ ዝናብ ሳይመጣ ያውቃል፣ ጉበቷ ካለበት ትንሽ ወረድ ብሏል። ሠርግ ቤት ስትጨፍር ግን የሚያቃስተው ወለሉ ነው።

«ረሙዬ፣ ይሄ እኮ ምንም አይደለም» አለች ወንበር ስባ። «እኔ ጣሪያው ነኝ እንበል። ወይዘሮ ረምላ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?»

«አልሐምዱ...»

«ቁሚ እዚያ ላይ። ፊትሽን ቅጭም አድርጊ መጀመሪያ።»

«ለማን? ጣሪያ አያይም።»

«ፊት ሲቀጭም ድምፅ ይከተላል። እንደገና። ዛሬ እንዴት ነዎት?»

ረምላ ፊቷን ቅጭም አደረገች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደ ዋናተኛ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ለቅሶ ቤት እንደገባች ሴት እያዘነች። ኖላዊት በሳቅ ከወንበሩ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ረምላም ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ፉአድ ግን ሳቋ መሐል ላይ ከንፈሯ ሲገረጣ አየና ትምህርቱን አስቆመ። ለእሷ ሳቅም ሥራ ነው።

ረቡዕ ሌላ ነገር መጣ። የሁለተኛ ፎቁ የጋሽ ናታን እናት ሞቱና ቅሬው ተጠራ። ቅሬ የሰፈሩ የለቅሶ ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም አለበት፣ ሰው ሲሞት የሚቀር ሕመምተኛ ብቻ ነው። ረምላ አሥራ አራት ዓመት ማንም ሳይወቅሳት ቀርታለች። አሁን ግን መዳኗ ምድር ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ፣ ከዳቦ ቤቱ ማስታወቂያ ጎን፣ ከነስሟ ወጥቷል። ሰው «እንኳን ደስ አለሽ» ሊላት ሁለት ቀን ሲመላለስ ነው የሰነበተው፣ ደረጃውን እያለከለከ።

እሄዳለሁ አለች። ፉአድ ሊያስቀራት ሞከረ። «አረንጓዴ አስሬ ቀርቼ፣ ናታን ነገ ዓይኔን ምን ብሎ ያየኛል?» አለችው።

ፉአድ ነጠላዋን አለበሳት፣ ጀርባውን ሰጣትና አዘላት። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሊፍቱን አልፈው ደረጃውን ጀመሩ። ሃያኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የረምላ አምባር ጮክ ብሎ «ጎበዝ ወይዘሮ ረምላ! ሃያ ደረጃ!» አለ። ፉአድ እያለከለከ ቆመ።

«አመሰግናለሁ» አለ።

«ለእኔ ነው ያለችው» አለች ረምላ ከጀርባው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆም ብሎ፣ ጀርባውን ነቅነቅ አድርጎ አስተካክሏት ቀጠለ። ምድር ቤት ሲደርሱ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጋሽ ናታን ዓይኑ አብጦ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለቱን ሲያይ ፊቱ ሳያስበው ፈካ። እናቴ ይህን ሳታይ መሞቷ ነው የቆጨኝ አለ። ረምላ አንድ ሰዓት ተቀመጠች፤ የመጣውን ሁሉ አጽናናች፣ ሰላምታውን ሁሉ መለሰች።

ሊመለሱ ሲሉ የፉአድ አምባር ጮኸ። የልብ ምቱ ስላሻቀበ እረፍት እንደሚያስፈልገው ነገረውና ወደ ቢጫ ተለወጠ። ሊፍቱም ወለል ብሎ ተከፈተለት። ረምላን እንዳዘለ ገባ። «አረንጓዴ አምባር ያለዎት እባክዎ ይውረዱ» አለ ሊፍቱ። ፉአድ ትንሽ ጠበቀ። ሊፍቱም ጠበቀ። በመጨረሻ ሕመምተኛው ጤነኛዋን አዝሎ በደረጃው ወጣ።

ማታ ጣሪያው የቀኑን ውጤት ነገራቸው። ወይዘሮ ረምላ መቶ ሰማንያ አራት ደረጃ ስለወጡና ስለወረዱ ምስጋና ይገባቸዋል፣ ከነገ ጀምሮ እርምጃቸው በአሥር በመቶ ይጨመራል አለ። ፉአድ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። የእሱን እርምጃ የእሷ አድርጎ የቆጠረው አምባር በሚስቱ ላይ ምስክር ሆነ። ሐሙስ ያቺን ቃል ካላለች እርምጃው ይቀጥላል፣ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ጨለማው ክፍል ይጠብቃታል።

ሐሙስ ጠዋት ረምላ ክንዷን ማንሳት አቅቷት አደረች። የአንዲት ሰዓት ለቅሶ ነከሳት። ፉአድ ትራሷን ከፍ አድርጎ አልጋው ጎን ቆመ፤ እትዬ ኖላዊት በሩን ተደግፋ ቆመች። አንድ ሰዓት ሲሆን ድምፁ መጣ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ረምላ? ይህ የቃል አቤቱታ ነው። ዛሬ እንዴት ነዎት?»

ረምላ በሹክሹክታ «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ኖላዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ደህና መሆንዎን ልመዝግብ?» አለ ድምፁ።

ረምላ ወደ ፉአድ ዞረች። አዎ ብትል መውደቋ ነው፣ አይደለም ብትል ጌታዋን ማማቷ ነው። ፉአድ ምላሱን ነክሶ ያዘ። አንዲት ቃል ቢተነፍስ ስድስት ወር። ያኔ፣ ምን እንደሚያደርግ ሳያስበው፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት አውጥቶ መዳፉን ዘረጋ።

ወሎ ውስጥ የተዘረጋ መዳፍ ያለ ዱዓ አይታጠፍም። ሰው መዳፉን ከዘረጋልህ ሥራህን ትተህ ትመርቃለህ፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ኖላዊት አየችውና እሷም ነጠላዋን ለቅቃ መዳፏን ዘረጋች። ረምላ ሁለቱን አየች። የራሷን እጅ ማንሳት ስላልቻለች ብርድ ልብሱ ላይ መዳፏን ወደ ላይ ገለበጠች፣ ዓይኗንም ጨፈነች።

«ያ ረቢ» አለች። «የናታንን እናት አሳርፋቸው። ለናታን መጽናናቱን ስጠው። ቁልቁል የሚወርደውን ባቡር ፍሬኑን አጥብቅለት። የኖላዊትን ጉልበት ፈውስላት።»

«አሜን» አለች ኖላዊት፣ ትንሽ ዘግየት ብላ።

«ጣሪያ ላይ ላለችው ልጅ ዘር ስጣት፤ ብቻዋን ናት። እኔንም ታውቀኛለህ። ለሰው አላልኩም፣ ላንተ ግን ምን እደብቅሃለሁ? ትናንት ሰው ጨበጥኩ፣ ዛሬ እጄ የእኔ አልሆን አለ። ጸጉሬን ካበጠርኩ ሁለት ቀን እተኛለሁ። የጀመርኩትን ወሬ መሐል ላይ እረሳዋለሁ፤ ፉአድ እንዳያውቅ ብዬ እስቃለሁ። ብርሃን ያመኛል። በየሌሊቱ ከሱብሒ ሶላት በፊት ነቅቼ አንድ ሰዓት ሳልነቃነቅ እተኛለሁ፤ እሱ ተነስቶ እንዴት አደርሽ ሲለኝ ድምፄ እንዳይሰበር አቅም ላጠራቅም ነው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አድርጌያለሁ። ደህና ናት ብሎ ወደ ሥራው ሲሄድ ደስ ይለኛል። ይቺን አታሳውቅብኝ። ያንን እርምጃ ግን አትመልስብኝ፤ እሱን አልችለውም። የሰጠኸኝ ይበቃኛል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ፉአድ መዳፉን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር። በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ?» ሲል የኖረው እሱ ነው። ከጣሪያው በፊት፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ የተባለውን ሰምቶ የተባለውን ያመነው እሱ ነው። አሚን ማለት ፈለገ፤ በዕድሜው እንደዚያች አሚን ያስቸገረችው ቃል የለችም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አላወጣም። ኖላዊትም እያለቀሰች ስለነበር አሜን ማለቱን ረሳችው።

ዱዓው ያለ አሚን ተንጠልጥሎ ቀረ።

«አሚን» አለ ጣሪያው።

ከዚያም «የተናገሩት ተመዝግቧል፣ ፋይልዎ ተከፍቷል» አለ። የረምላ አምባር ቢጫ ሆነ።

ፉአድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መዳፉን በፊቱ ላይ አሻሸ፤ ረዘም አድርጎ አሻሸው። ረምላ ዓይኗን ስትገልጥ አየችውና ምን እንደሰማ ገባት። «ላንተ አልነበረም እኮ የነገርኩት» አለችው።

«አልሰማሁም» አላት።

«ሐሜተኛ» አለች ረምላ፣ ፈገግ ብላ።

ኖላዊት እንባዋን ጠርጋ ነገሩን ከሌላ ወገን አየችው። «ለመሆኑ» አለች፣ «ያ የጉልበቴ ዱዓ ቢሰምርስ? አምስተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጠሽ ሊፍቱን ልታሳጪኝ ነው?»

ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ፉአድ ሚስቱን እንዴት አደርሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ጠዋት ሲነሳ አልጋው ጎን ተቀምጦ መዳፉን ይዘረጋል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና የሚሆነውን ሁሉ ትናገራለች፤ ጣሪያውም ይሰማል። ለሰው አልተናገረችም፣ ጌታዋንም አላማችም። ከሱብሒ በፊት የምትነቃባትን ሰዓት ግን ተኛችባት። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ፤ ከቀደሙት አሥራ አራት ዓመታት ይልቅ ሳቅ የበዛበት ዘጠኝ ዓመት ነበር፣ ሳቁም በልክ።

ረምላ በ2083 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ በእንቅልፏ ልቧ ቆሞ ሞተች። ቅሬው ወጣ። ቢጫው አምባር ገና በእጇ ስለነበር ሊፍቱ በየፎቁ እየተከፈተ ጠበቃት፤ ተሸካሚዎቹ ግን ቃሬዛውን በትከሻ እየተቀባበሉ በደረጃው አወረዷት። ፉአድ ከኋላ ሲከተል «ጎበዝ ወይዘሮ ረምላ» የሚለውን ድምፅ አስታወሰና በለቅሶው መሐል ሳቀ። ያየው ሰው ሐዘን አዙሮት ነው አለ።

አሁን ጣሪያው በየጠዋቱ የሚጠይቀው እሱን ነው። አርባ ቀን ሙሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለ። በአርባ አንደኛው ቀን፣ የተናገረውን ራሱ ሲሰማው አፈረ።

«ደህና አይደለሁም» አለ።

«የሚያምዎት የት ቦታ ላይ ነው?» አለ ድምፁ።

«አምስተኛ ፎቅ» አለ ፉአድ።

ድምፁ አምባሩን ቢጫ አደረገለት። ፉአድ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ሊፍቱ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ እሱ ግን በደረጃው ወረደ። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ ቆም አለና ጀርባውን ነቅነቅ አድርጎ አስተካከለ፤ ከዚያ ቀጠለ።